«የማንን ላም?»፦ የአደን ወሬና ሥጋ ከመንዝ ቤተሰብ ጋር ለመካፈል

የመጀመሪያዋን ኤልክ (ትልቅ የዋላ ዓይነት ናት) አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ የጣልኩ ዕለት፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላሉት ወላጆቼ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። እናቴ ከኪዳን ተመልሳ ቡና እየቆላች ነበር። እንግሊዝኛው እንስቷን ኤልክ «ላም» ነው የሚላት፤ እኔም ደስታው አስክሮኝ እንዳለ አዞርኩትና «እማዬ፣ ላም ገደልኩ!» አልኳት።

የቡናው መንኮሻኮሽ ቆመ።

«የማንን ላም?»

«የማንም አይደለችም፣ የጫካ ናት» ስላት ባሰባት። ጠፍታ የምትንከራተት የሰው ከብት አግኝቼ የጣልኩ መስሏታል። «ባለቤቷ ሳይመጣብህ ካሳውን ክፈል፤ ያለኸው ሰው አገር ነው» ብላ ስልኩን ለአባቴ አቀበለችው። አባቴ ደግሞ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ምን ጎድሎህ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወቅት አድኛለሁ። ሁለት ኤልክና ሦስት ዋላ ጥያለሁ፣ ሁለቱን ዓመት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ሥጋውን እዚህ ዴንቨር ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከይፋት የመጣን ልጆች እንካፈለዋለን። ወሬው ደግሞ በቴሌግራም መሐል ሜዳ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ሁለቱንም ማበላሸት ቀላል ነው። አራት ጓደኞቼ ዘንድሮ የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሰው ፈቃድ ስላወጡ፣ እኔ የተሳቅኩትን ያህል እንዳይሳቅባቸው ይህን ጻፍኩላቸው።

መጀመሪያ ስሟን አስተካክሉ

«ላም» አትበሉ። «ኮርማ»ም አትበሉ። «እንስት ኤልክ»፣ «ወንድ ኤልክ» ይበቃል። ኤልክ ምንድን ነው ሲሏችሁ «የዋላ ወገን ናት፣ ቁመቷ ግን ፈረስ ያህላል» በሉ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ዋላን በስም ያውቃል፣ ከዚያ መነሳት ይሻላል። «አጋዘን» ማለት የሚቀናቸው አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ አገራችን ውስጥ ስሙ ለእነ ኒያላ ተይዟል፣ እነሱ ደግሞ የዋላ ወገን አይደሉም።

ልዩነቱ ቀንዱ ላይ ነው፣ አባቴን ለማሳመን ከሁሉ ያስቸገረኝም እሱ ነው። የኤልክና የዋላ ወንድ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። ዋላው ክረምታቸው ሳያልቅ፣ ኤልኩ ወደ መጋቢት ገደማ። ከዚያ እንደ አዲስ፣ ጠጉር ባለው ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ይበቅላል፤ በደህና ወቅት በቀን ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያድግበት ጊዜ አለ። ይህን ስነግረው አባቴ «አንተ ልጅ፣ ቀንድ ጥርስ ነው እንዴ የሚነቀለው?» ብሎ ሳቀ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ያቃተኝን በመጨረሻ ያስረዳልኝ ዋንጫ ነው። የበሬ ቀንድ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ዋንጫ ይወጣዋል፤ የኤልክ ቀንድ ግን ድፍን አጥንት ነው፣ ዋንጫ አይወጣውም። ዋንጫ የማይወጣው ቀንድ ሌላ ነገር መሆኑ ወዲያው ገባው። «እንግዲያ ቀንድ አትበለው» አለኝ። ሌላ ስም ስለሌለው እስከ ዛሬ ቀንድ እንለዋለን።

ሁለተኛው መሰናክል እንስት መሆኗ ነው። «ዘራፍ!» ብሎ የሚፎክር ሰው «እንስት ሚዳቋ ጣልኩ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። አባቴም ያንን ነበር የጠየቀኝ፤ «ወንዱ እያለ?» አለ። እዚህ ፈቃዱ ላይ የእንስሳው ዓይነት፣ ጾታው፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎ ነው የሚሰጠው፤ ብዙውም በዕጣ ነው። እንስት ከደረሰህ ወንዱ አጠገብህ ቆሞ ቢያዛጋም አትተኩስም። ኮሎራዶ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ የሚበልጥ ኤልክ ያላት ናት፤ መንጋው ከግጦሹ በላይ እንዳይበዛ እንስቶቹም በቁጥር እንዲነሱ ይደረጋል።

ይህን ሁሉ በስልክ ዘርዝሬ ስጨርስ አባቴ ትንሽ ዝም አለና «እንደ ጓሳው ነዋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም የማስረዳው በጓሳ፣ በመንዝ የጋራ የሳር ተራራ ነው። የመንዝ ሰው ሁሉ ይገባዋል፦ ቀሮ በሚባለው የድሮ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ አንድ እጅ ሳር ያጨደ ይቀጣ ነበር፤ የተከፈተ ለት ደግሞ ባለመብቱ ገብቶ ለክዳን፣ ለገመድ የሚሆነውን ያጭድ ነበር። ፈቃድ ማለት ጓሳው ተከፍቶልህ ምን ያህል እንደምታጭድ ተነግሮህ መግባት ነው። አባቴ ለጎረቤት ሲያስረዳ እንደሰማሁት እንዲያውም ከእኔ አሳጥሮታል፦ «መንግሥት ያጭዳቸዋል።»

ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ

የኤልክ የጠመንጃ አደን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው የሚውለው። ልብ በሉ፦ ጽጌን የሚጾም አለ፣ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ረቡዕና ዓርብ አሉ። ሥጋ የተንጠለጠለበት ፎቶ በዓርብ ጠዋት የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩበት ጊዜ አለ። አክስቴ የመለሰችልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ዛሬ?»

የምልከው ፎቶ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ከማንሳቴ በፊት አፏንና አፍንጫዋን በበረዶ ወይም በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ምላሷን ወደ ውስጥ እመልሳለሁ፣ የጥይቱን ቦታ ወደ ታች አደርጋለሁ። ላይዋ ላይ አልቀመጥም፤ እናቴ «የሞተ ላይ አይቀለድም» ትላለች። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ እንበረከካለሁ። መሣሪያ ያለበት ፎቶ ወደ አገር ቤት ፈጽሞ አልልክም። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ ለኔ ጌጥ የመሰለኝ ፎቶ ለሚያሳየው ወንድሜ ሌላ ጣጣ ይሆናል።

ብርቱካናማውን ሰደርያ አስቀድማችሁ አስረዱ። በጠመንጃ ወቅት ሌላ አዳኝ እንዳይተኩስብህ ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ሮዝ መልበስና ኮፍያ ማድረግ ግዴታ ነው። እኔ ሳላስረዳ ላክሁ። የደብረ ብርሃኑ የአጎቴ ልጅ «መንገዱ መቼ ይጠናቀቃል?» ብሎ ጻፈልኝ።

እናቴ ግን ከፎቶው ሁሉ የፈለገችው እኔ ያላሰብኩትን ነው። «ሰኮናዋን አሳየኝ» አለች። ጭቃውን ጠርጌ የፊት እግሯን ሰኮና በቅርብ አነሳሁላት፦ ጥቁር፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጫፉ የሾለ፣ ከኋላው ሁለት ትንንሽ ጣት ያለው። «ታመሰኳለችስ?» አለች። እኔ ሆዷን ስከፍት ያየሁት የታኘከ ሳር ብቻ እንደነበር ነገርኳት። ያንን ፎቶ ይዛ ቄሱ ጋ ሄዳ አሳይታለች። ዋላ በኦሪት ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል፣ ሰኮናውም ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ በንጽሕናዋ ክርክር አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምልከው የሰኮናውን ፎቶ ነው።

ለልጆች ግን ፎቶ አትላኩ፣ ድምፅ ላኩ። ወንዱ ኤልክ መስከረም ላይ እንስቶቹን ሲጠራ እንደ ዋሽንት ይጀምርና እንደ ዝገት በር ይጨርሳል። በስልኬ የቀዳሁትን የወንድሜ ልጆች ሲከፍቱት የግቢው ውሻ ተነስቶ አጥሩን ዞረ። እስካሁን ከላክሁት ሁሉ ደጋግሞ የሚከፈተው እሱ ነው።

ሥጋው

ሥጋው እዚሁ ይበላል። ወደ አገር ቤት ሥጋ በሻንጣ ለመያዝ አታስቡ፤ ቋንጣም ቢሆን። የምጽፈው ስለ ዴንቨር ማካፈል ነው፣ ሥርዓቱን ግን ከመሐል ሜዳ ነው ያመጣሁት።

አንዲት ያደገች እንስት ኤልክ ከነነፍሷ 220 ኪሎ ግድም ትመዝናለች። የእኔዋ አጥንቷ ወጥቶ፣ ጅማቷና ደም የመታው ተጠርጎ 65 ኪሎ ሰጠችኝ። ዋላው ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ዋላ ለቤተሰብ ነው፣ ኤልክ ለማኅበር።

ከማካፈላችሁ በፊት ግን ጠብቁ። ዋላንና ኤልክን አመንምኖ የሚገድል ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ኮሎራዶ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ሰው ላይ መያዙ የተረጋገጠበት ጊዜ እስካሁን የለም፣ ቢሆንም በምርመራ የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ነው የሚባለው፤ በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ጭንቅላቷን ለምርመራ አስገባለሁ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል። የዚያን ዓመት ጥቅምት 25 ጥዬ ውጤቱ ኅዳር 9 መጣ። ጾሙ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል፣ ከስድስቱ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ። ግማሹን ለቅበላ አካፈልኩ፣ ግማሹን አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ከረጢት አስሬ ለገና አስቀመጥኩት። ከረጢቱ ላይ ስሙንና ቀኑን በአማርኛ ጻፉ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የበረደ ሽንጥና የበረደ ታፋ አንድ ናቸው።

አመዳደቡ ቅርጫ ነው። ጋራዡ ወለል ላይ ንጹሕ ሸራ አነጠፍን፣ አንድ የተጉለት ልጅ ብልት አወጣ፤ አባቱ ደብረ ብርሃን ሥጋ ቤት ስለነበራቸው ቢላው እጁን ያውቀዋል። አሥራ አንድ መደብ ሆነ። ፈረንጁ የሥራ ባልደረባዬ አብሮኝ ስላደነ ቆሞ ያያል። በእነሱ ቤት አንዱ ሽንጡን፣ ሌላው የተፈጨውን ይወስዳል። እኛ ጋ ግን ከሽንጡም፣ ከታላቁም፣ ከጎድኑም፣ ከወርቹም ለሁሉም መደብ ትደርሳለች፤ መደቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ። አንድ ሙዳ በዝቶ የታየበት መደብ ላይ ሦስት ሰው ዓይኑን ካሳረፈ፣ ተቆርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከዚያ ዕጣ። አገር ቤት ጠጠርና ስንጥር ነው፣ እኛ ያገኘነው የመኪና ቁልፍ፣ የቢራ ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ የአንዱ ቀለበት። ማን ምን እንዳስያዘ ያላየ ሰው ዕጣውን ይጥላል፤ ባልደረባዬን ጠርተን አስጣልነው። ለእሱ የተያዘለት ቁልፍ የወደቀበትን መደብ አይቶ «ለምን አልመረጥኩም?» አለ። ዘንድሮ ግን ለራሱ ወንድሞች በዕጣ ማካፈል ጀምሯል፣ ጭቅጭቅ ቀርቶልኛል ይላል።

አባቴ በስልክ «ሻኛው ለማን ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። ኤልክ ሻኛ የላትም። ጮማም የላትም፤ ያላት ጥቂት ስብ ደግሞ አፍ ላይ ስለሚረጋ ጠርጌ ነው የምጥለው። ቅልጥም አላካፍልም፣ አንጎልና ሰረሰር አላስነካም፣ ጥሬም አይበላም። በዱር የኖረ እንስሳ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ማቀዝቀዣ ሁሉን አይገድልም። ይህን በዘረዘርኩ ቁጥር የሚነጫነጭ አንድ ወዳጅ አለኝ፦ «ሻኛ የለ፣ ጮማ የለ፣ ቅልጥም የለ፣ ጥሬ የለ፤ እንግዲህ ሥጋው የቱ ጋ ነው?» መልሱ ምንቸት አብሽ ነው። የተፈጨ የኤልክ ሥጋ፣ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ፣ ቅቤው ሳይሰሰት፣ ሙቀቱ ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ እስኪደርስ። ጥብሱ ግን ያለ ቅቤ ጫማ ነው። ለቋንጣ ደግሞ ስብ ስለሌላት ከበሬ ትሻላለች፤ እኔ ዘልዝዬ መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ በደንብ አሞቀዋለሁ፣ ከዚያ ነው በበርበሬ የማደርቀው።

ጥይቱ የገባበትን ዙሪያውን አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ ጣሉ። እርሳስ ሲሰባበር ዓይን የማያየው ፍንጣሪ ሥጋው ውስጥ ይሄዳል፤ ሕፃን ላለበት ቤት እየሰጠሁ መሆኔን ሳስብ ወደ መዳብ ጥይት ዞሬያለሁ።

ገንዘብ አትቀበሉ። ቅርጫ የለመደ ሰው መዋጮውን ሳያወጣ መደብ ማንሳት ያሳፍረዋል፣ እዚህ ግን የአደን ሥጋ መሸጥ ሕግ ይከለክላል፤ መስጠት ብቻ ነው የሚቻለው። አንዱ ስልሳ ዶላር ጠቅልሎ የቡና ሲኒው ሥር ትቶልኝ ሄደ፣ «ለቤንዚን ነው» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ በር ላይ ቆሜ መለስኩለት፣ ለሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ሥራ ግን እቀበላለሁ፦ ቢላ ይዞ የሚመጣ፣ ሸራ የሚያጥብ፣ የሚፈጭ። ከየመደቡ ጋር ስሜን፣ የፈቃድ ቁጥሬን፣ የእንስሳዋን ዓይነትና ቀኑን የያዘ የፈረምኩበት ወረቀት አያይዛለሁ። «ይህ ሥጋ ከየት መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ የዱር እንስሳት ጠባቂ መልሱ እሱ ነው።

አሞታቷን አትደብቁ። «ተባርካለች ወይስ በጥይት ሞታ ነው የደረስክባት?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፣ ጥያቄውም ቀላል አይደለም፤ በክት ነው የሚል አለ። እኔ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ያሉኝን ለራሴ ይዣለሁ፣ ለሌላው አልሰብክም። ዕጣ ከመጣሉ በፊት የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ፤ የማይበላ ሳያፍር መደቡን ይተዋል። የሸዋ ሮቢቱ ወዳጄ እስላም ነው። ሥጋውን አይወስድም፣ እኔም አላስቸግረውም። ሬሳዋን ከገደሉ ስናወጣ ግን አንዱን ታፋ ተሸክሞ የወጣው እሱ ነው፤ በሌላ ዓመት ከጣልኩት ዋላ ቀንድ የቢላ እጀታ አሠርቼለታለሁ።

አገር ቤት ስትገቡ

ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥምቀት መሐል ሜዳ ገባሁ። ፎቶዎቹን አሳጥቤ ነበር የሄድኩት። ይህን አድርጉ፤ ስልክ ከእጅ እጅ ሲዞር የአባቴ እኩዮች መስታወቱን ይነኩትና ፎቶው ይጠፋባቸዋል፣ ከዚያ አፍረው ይመልሱታል። የታጠበ ፎቶ ግን ባናው ላይ ተቀምጦ እሳት ዳር እየቀረበ ይታያል።

ወሬውን ራሳችሁ አትጀምሩ። አንድ ሰው እስኪጠይቅ ጠላ ጠጡ። ሲጠይቋችሁም ከተኩሱ አትጀምሩ፣ ከድካሙ ጀምሩ። 180 ሜትር ላይ መታኋት ማለት ለእነሱ ቁጥር ነው። ንጋት ሳይቀድ ራስ ላይ መብራት አስሮ ሦስት ሰዓት በረዶ ውስጥ መውጣት፣ ሥጋውን በጀርባ አራት ጊዜ ተመላልሶ ማውረድ፣ በአራተኛው ጉልበት ሲከዳ፤ ይህን የጣርማ በርን ውርጭና ዳገት የሚያውቅ ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ተኩሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

መሳቂያ ለመሆንም ተዘጋጁ። የስልኩ ወሬ ከእኔ ቀድሞ መንደሩን አዳርሶ ነበርና አጎቴ በትሩን አንስቶ ተቀበለኝ፦

ከሮኪ ተራራ ከበረዶው አገር፣
ላም ገድሎ ይፎክራል ወተቷ ሳይቀር!

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መልስ መስጠት አይቻልም፤ እኔ ጠላ ቀድቼ ሰጠሁት።

የወንድሜ ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመቱ፣ «እኛስ ለምን ጓሳ ላይ አናድንም?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ አትቀልዱ፣ ልጅ ቀልዱን አይለይም። ጓሳ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ቤት ነው፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ይጠብቀዋል። አገራችን ውስጥም ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ነው። ይልቅ በማግስቱ ይዤው ወጣሁ። በባልደረባዬ መነጽር አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ ሩብ ሰዓት ያህል አየን። ስትዘል ልጁ ትንፋሹን ያዘ፣ ሳታት። «ባዶ እጅህን እንደተመለስክበት ሁለት ዓመት ናት» አለኝ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ወሬው ከእናንተ እጅ ሲወጣ አታርሙት። ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ለሁለት ሽማግሎች ሲያወራ ከኋላ ደረስኩ። ኤልኳ ወንድ ሆናለች። ቀንዱ በበር አይገባም። ዋንጫ ይወጣዋል ወይ ብሎ አንዱ ሲጠይቅ አባቴ ዞሮ አየኝ።

«አይወጣውም፣ ድፍን ነው» አልኩ።




«ሰማችሁ?» አለና ቀጠለ።